በሰው ቤት ዓምድ

ደብረ ብርሃን፣ ግብርና መምሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ጣቴ ገና ሳይሞቅ፣
ኮምፒውተሩ ነቅቷል፤ እኔን ነው የሚጠብቅ።
ከአዲስ አበባ የተዘረጋ መስመር
ያደረውን ብርድ በቁጥር ሲደረድር፦
ከጓሳ ሙልጭ ያለ ዜሮ፣ አወይ ጉድ፣
ከሰላ ድንጋይ ሦስት፣ ከሞላሌ አንድ።
ሁሉም በሕይወት ነው፤ ሁሉም ቀጥታ ነው፤
ሁሉም ግን የሰው ነው።

ማሙሸት ደወለ፣ የሞላሌው የልማት ሠራተኛ፣
ቃሉ አጭር፣ ትንፋሹ ረጅም፣ የነፋስ ጓደኛ፦
«እህቴ፣ ትናንት ሌሊት እኛ ጋ ውርጭ ነበር ወይስ አልነበረም?
ገብሱ አብቦ ነበር፤ ዛሬ ቀለሙ አላማረኝም።
ቅጹ ‹ውርጭ› ብሎ ይጠይቃል፤ ‹አዎ› ወይም ‹የለም›።
ካልተሞላ ደግሞ ምትክ ዘር አይሰጥም።»

ቁጥሩ አለኝ፤ ቃሉ የለኝም።
የሌሊቱ ሙቀት አለ፣ የሰብሉ ዕድሜ አለ፣
በመካከል «ውርጭ» የሚል ዓምድ ጎደለ።
ሁለቱን ላጋባ፣ አንድ ዓምድ ላቆም፣
«አዲስ ዓምድ» የሚለውን ብጫን ብጫን አይሰማም፤
ደብዝዟል፣ እንደ ቀን ጨረቃ፤ አለ፣ ግን አይጠቅምም።

አባቴ የእኩል አራሽ ነበር፣ አንጎለላ፣ በሰው መሬት፤
ማረስ ይችላል፣ ማጨድ ይችላል፣ መካፈል በምርት።
አንድ ቀን ለዝናብ መጠለያ ብሎ አንድ ምሰሶ ቢተክል፣
ባለመሬቱ መጣ፤ በከዘራው ነካ ነካ አርጎ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል፣
አባቴ ሳይመልስ ነቀለው። ጉድጓዱ ብቻ ቀረ፤
ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲያቁር ነበረ።

መጀመሪያ ቅጂ አወረድኩ። በራሴ ሰንጠረዥ ላይ
ዓምዴን ተከልኩ፤ «ውርጭ» አልኩት፤ ማን ከልካይ!
አማረብኝ። እስከ ማግስቱ።
በማግስቱ ሞላሌ ከዜሮ በታች ወርዶ፣ እኔ ጋ ያው የትናንቱ፣
አንድ ዲግሪ፣ እንደ ሟች ፎቶ፣ እንደሳቀ አይከደንም።
የተቀዳ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ግን አይፈስም።
አጠፋሁት።

ከዚያ መለኪያ ጻፍኩ። ዓምድ አይደለም፤ የትም አይቀመጥም፣
ረድፍ የለው፣ ቤት የለው፣ ስንዝር ቦታ አይዝም፤
ሲጠይቁት ያሰላል፤ ካልጠየቁት የለም።
«ከሁለት ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ሰብሉም ካበበ» አልኩት።
ሞላሌን ሰጠሁት፣ ጥቅምት አሥራ ሁለትን ሰጠሁት፤
«ውርጭ» አለ፣ ሳያመነታ፣ ወዲያው እንደጠራሁት።
የአገር ሽማግሌ በሉት፤ አልጻፈም፣ አልመዘገበም፣
ድንበሩን ግን ጠይቁት፤ አይስትም።

ጉድለት አለበት፣ አልዋሽም፤
«የተመቱትን ብቻ ለይ» ቢሉት፣ ማጣሪያ ውስጥ አይገባም።
አንድ በአንድ ነው፣ ቀበሌ በቀበሌ፤
እንደ ዕድር ጸሐፊ ስም ስጠራ ዋልኩ፣ እስኪዝል አካሌ።
ሠላሳ አራቱ «አለሁ» አሉ።
ለማሙሸት ደወልኩ፦ «አዎ በል፤ አዎ ነው ቃሉ።»
ዝም አለ። «አውቀው ነበር» አለ ቆይቶ፤ «ዛላውን ብነካው ረገፈ፤
ብቻ ቢሮ እጅ አያምንም፤ አንቺ ስትይው ነው የተጻፈ።»

ለአቶ ፍሬሰንበት፣ ለሰንጠረዡ ባለቤት፣ በትሕትና፣
«አንድ ዓምድ ይትከሉልን» ብዬ ጽፌ ነበር፣ በዚያው ሳምንት ገና።
መልሱ በየካቲት መጣ፣ ገብሱ የከብት መኖ ከሆነ በኋላ፤
እውነትም አንድ ዓምድ ቆሟል፣ ከሁሉ በስተኋላ፤
ስሙ፦ «ተጨማሪ አንድ»።
ከላይ እስከ ታች ባዶ።
ስሙን ላቃና ብል አይነካም፤ የሰው ነው።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ አየሁት፤
ያንን ጉድጓድ አሰብኩት።
መለኪያዬ ግን አለ። ማለቴ፣ የለም፤
ጥቅምት ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።